የመዥገር ወለድ በሽታዎች ጥናትና የመንግሥት ገንዘብ፤ ከቢተርሩት ሸለቆ እስከ ኢትዮጵያ ከብቶች

መዥገር በሽታ አስተላላፊ መሆኑ በሙከራ የተረጋገጠው መጀመሪያ በሰው ሕክምና ሳይሆን በከብት ሕክምና በኩል ነው። ወጪውንም የሸፈነው መንግሥት ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1884 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግብርና መሥሪያ ቤቱ ሥር የእንስሳት ጉዳይ ቢሮ እንዲቋቋም ሕግ ሲያወጣ ስለ መዥገር ያሰበ አልነበረም። ያሳሰበው የከብት ንግድ ነው። ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች ወደ ሰሜን የሚነዱት ከብቶች ራሳቸው ጤነኛ መስለው ያልፋሉ፤ እነርሱ በረገጡት መስክ የተሰማሩት የሰሜን ከብቶች ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደም እየሸኑ በትኩሳት ያልቃሉ። በሽታው «የቴክሳስ ትኩሳት» ተባለ። ከብት ነጂዎቹ መነሻው መዥገር ነው ይሉ ነበር፤ ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ ግን ይህን የባላገር ወሬ አድርገው ቆጠሩት።

ወሬውን በቁም ነገር የያዙት የቢሮው ተመራማሪ ዶክተር ቴዎባልድ ስሚዝና የእንስሳት ሐኪሙ ፍሬድ ኪልቦርን ናቸው። ከ1889 ጀምሮ በዋሽንግተን አጠገብ በሚገኝ የሙከራ ጣቢያ መስኩን በአጥር ከፋፈሉት። በአንደኛው ክፍል መዥገር ያለባቸውን የደቡብ ከብቶች ከሰሜን ከብቶች ጋር አሰማሩ። በሁለተኛው የደቡቦቹን መዥገር አንድ በአንድ በእጅ ካስለቀሙ በኋላ ቀላቀሏቸው። በሦስተኛው ደግሞ የደቡብ ከብት ሳይገባበት መዥገር ብቻ በተኑበት። የታመሙት መዥገር ባለበት መስክ የዋሉት ሆኑ። መዥገር መልቀም ለኢትዮጵያ ከብት አርቢ የዘወትር ሥራ ነው። ያን ተራ ሥራ ወደ ሳይንሳዊ ማስረጃነት የለወጡት የመስኩ አጥርና ዓመት ከዓመት ያልተቋረጠው በጀት ነበሩ። በ1893 የታተመው ዘገባ በሽታው ቀይ የደም ሕዋስን በሚያፈርስ ጥገኛ ተሕዋስ እንደሚመጣ፣ ተሕዋሱም በመዥገሯ እንቁላል በኩል ወደ ልጆቿ እንደሚያልፍ አስረዳ። ትንኝ ወባን እንደምታስተላልፍ ገና ባልታወቀበት ጊዜ የተገኘ ዕውቀት ነው።

ከዕውቀቱ እስከ ተግባሩ ግን ብዙ ዓመታት አለፉ። ኮንግረስ የከብት መዥገርን ለማጥፋት የመጀመሪያውን 82,500 ዶላር የመደበው በ1906 ነው። ዘመቻው ከብትን በአርሰኒክ ገንዳ ማጥለቅ ነበር፤ በአንዳንድ የደቡብ ወረዳዎች የተቆጡ ገበሬዎች ገንዳዎቹን በድማሚት አፈራረሱ። በሜክሲኮ ወሰን ካለው የጥበቃ ቀጠና በቀር አገሪቱ ከዚህ መዥገር ነጻ መሆኗ የታወጀው በ1943 ነው።

የሰው በሽታ ታሪክ የሚጀምረው በምዕራብ ሞንታና፣ ቢተርሩት በሚባል ጠባብ ሸለቆ ነው። በየዓመቱ በረዶው ሲቀልጥና ዛፎቹ ሲያቆጠቁጡ ጠንካራ ሰዎች፣ ግንድ ቆራጮችና ከብት አርቢዎች፣ በድንገተኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ይወድቁ ነበር። ከእጅ አንጓና ከቁርጭምጭሚት የሚነሳ ሽፍታ መላ ገላቸውን ያለብሳል፤ ጠቆር ስለሚልም ነዋሪዎቹ «ጥቁር ኩፍኝ» ብለው ጠሩት። በሕክምና መጻሕፍት የሮኪ ማውንቴን ስፖትድ ፊቨር ይባላል። በሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ ከታመሙት ከአሥሩ ሰባት ወይም ስምንቱ ይሞቱ ነበር። በአጎራባቹ በአይዳሆ ክፍለ ግዛት ግን ያው በሽታ አብዛኞቹ ሕመምተኞች የሚድኑበት ነበር፤ የዚህ ልዩነት ምክንያት ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አስጨንቋል።

የሞንታና የጤና ቦርድ በ1902 የጋበዛቸው ሁለት የሚኒሶታ ተመራማሪዎች መዥገርን ጠረጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት የላካቸው ባለሙያ ግን ግምቱን ውድቅ አደረጉት። በ1906 የጸደይ ወራት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሃዋርድ ሪኬትስ መጡ። ቤተ ሙከራቸው በሚዙላ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ግቢ የተተከለ ድንኳን ነበር። የሕመምተኛን ደም ለጊኒ ፒግ ወጉ፤ ጊኒ ፒጓ ታመመች። ከዚያም አንዲት መዥገር በታመመች ጊኒ ፒግ ላይ ከጠባች በኋላ በጤነኛዋ ላይ እንድትነክስ አደረጉ፤ ጤነኛዋም ታመመች። በዚያው ዓመት ዶክተር ዋልተር ኪንግ የተባሉ የፌዴራል መንግሥት ሐኪም ለብቻቸው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። ሪኬትስ በቀጣዮቹ ዓመታት በሽታው በመዥገሯ እንቁላል ውስጥ እንደሚተላለፍ አሳዩ፤ በእንቁላሉ ውስጥም እጅግ ደቃቅ የሆኑ ተሕዋስያን በማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። በኋላ «ሪኬትሲያ» የተባለው የተሕዋስያን ወገን ስሙን ያገኘው ከእርሳቸው ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ የተሠራው ከሞንታና የጤና ቦርድ፣ ከዩኒቨርሲቲውና ከአሜሪካ ሕክምና ማኅበር በተለቃቀመ ጥቂት ገንዘብ ነበር። ለቀጣዩ የምርምር ወቅት ከክፍለ ግዛቱ ይጠበቅ የነበረው ገንዘብ ሲጓተት ሪኬትስ ፊታቸውን ወደ ሌላ ጥያቄ አዞሩ፤ ስፖትድ ፊቨርን የሚመስለውን ተስቦ፣ ማለትም ታይፈስን፣ ለማጥናት ወደ ሜክሲኮ ከተማ ሄዱ። እዚያም ተስቦ ይዟቸው በግንቦት ወር 1910 በ39 ዓመታቸው ሞቱ። ለሞታቸው የበጀቱ መዘግየት ተጠያቂ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ወደ ሜክሲኮ የሳባቸው የራሳቸውም የዕውቀት ጥማት ነበር። ሆኖም ቢተርሩት ጥናቱን የሚያውቁለትን አንድ ሰው አጣ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተሠራው በአብዛኛው መዥገርን የመቀነስ ሥራ ብቻ ነበር። እርሱም ያለ መሥዋዕትነት አልሆነም፤ የፌዴራሉ ሐኪም ዶክተር ቶማስ ማክሊንቲክ በ1912 በዚሁ ትኩሳት ሞቱ።

ሁኔታው የተለወጠው ሞት የምክር ቤቱን ሰዎች ቤት ሲያንኳኳ ነው። በ1921 አንድ የሞንታና ምክር ቤት ሴናተርና ባለቤታቸው በበሽታው ሞቱ። ድኻ ግንድ ቆራጮች ለሃያ ዓመታት ሲሞቱ ያልተገኘው ትኩረት በአንድ የጸደይ ወቅት ተገኘ። የፌዴራሉ የጤና አገልግሎት ዶክተር ሮስኮ ስፔንሰርን ላከ፤ እርሳቸውም ቀደም ብለው በአካባቢው ሲሠሩ ከነበሩት የተባይ ተመራማሪ ከዶክተር ራልፍ ፓርከር ጋር በሃሚልተን ከተማ አጠገብ በአንድ የተተወ ትምህርት ቤት ውስጥ መሥራት ጀመሩ። ሐሳባቸው ለዘመኑ እንግዳ ነበር። ሪኬትሲያን በሰው ሠራሽ ምግብ ማብቀል ስላልተቻለ ክትባቱን ከራሷ ከመዥገሯ ለመሥራት አሰቡ። በሽታውን የተሸከሙ መዥገሮችን ደም አጥብተው፣ ፈጭተው፣ በፌኖል ተሕዋሱን ገደሉት። ስፔንሰር በ1924 ይህን ቅይጥ መጀመሪያ በራሳቸው ክንድ ወጉ።

ክትባት ለመሥራት መዥገርን በብዙ ሺህ ማርባት ግድ ነው፤ ያ አሮጌ ሕንፃ ደግሞ ለዚህ የተሠራ አልነበረም። ረዳት የነበረው ወጣቱ ዊልያም ጌቲንገር በ1922 ሞተ። ጆርጅ ካወን በ1924፣ ሊሮይ ኬርሊ በ1928 ተከተሉት። እነዚህ ሰዎች ስማቸው በክትባቱ ላይ አልተጻፈም። መዥገሮቹን የሚመግቡት፣ የሚቆጥሩትና ጎጆዎቹን የሚያጸዱት ግን እነርሱ ነበሩ። ስለ ምርምር በጀት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የመሣሪያና የኬሚካል ዋጋ ነው። በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የጎደለው ግን መዥገር የማያሳልፍ ግድግዳ ነበር።

የሞንታና ምክር ቤት በ1927 ለአዲስ ሕንፃ 60,000 ዶላር ፈቀደ። የሃሚልተን ነዋሪዎች ግን ክትባቱን እየፈለጉ ቤተ ሙከራውን ፈሩት፤ መዥገር አምልጦ ልጆቻችንን ይፈጃል ብለው በፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ አልተሳካላቸውም፤ ሥጋታቸውን ለማብረድ ግን በሕንፃው ዙሪያ መዥገር የማይሻገረው ትንሽ የውኃ ቦይ ተሠራ። ቤተ ሙከራው በ1928 ሥራ ጀመረ። ክትባቱ በሽታውን ፈጽሞ ባይከላከልም ሞትን ቀነሰ፤ በሌሎች ምዕራባዊ ክፍለ ግዛቶችም ስለተፈለገ ወጪው ከአንድ ድኻ ክፍለ ግዛት አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ የፌዴራሉ መንግሥት በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሕንፃውን ገዛው፤ ቆይቶም የብሔራዊ የጤና ተቋማት አካል ሆነ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በዕቅድ መዝገብ ላይ ያልነበሩ ግኝቶች ታሪክ ነው። በ1935 ስፖትድ ፊቨርን ፍለጋ ናይን ማይል ከሚባል የሞንታና ቦታ የተለቀሙ መዥገሮች በጊኒ ፒጎች ላይ ያልታወቀ ትኩሳት አስነሱ። በ1938 ነገሩን ሊመረምሩ ከዋሽንግተን የመጡት ዶክተር ሮላ ዳየር ራሳቸው ታመሙ፤ ከደማቸው የተገኘውም ተሕዋስ በአውስትራሊያ በእርድ ቤት ሠራተኞች ላይ ከተገለጸው ከኪው ትኩሳት ተሕዋስ ጋር አንድ መሆኑ ታወቀ። በዚያው ዓመት ዶክተር ሄራልድ ኮክስ ሪኬትሲያ በዶሮ ጽንስ የአስኳል ከረጢት ውስጥ በብዛት እንደሚራባ አገኙ። መዥገርን በሺህ የመፍጨቱ አደገኛ ሥራ በእንቁላል ተተካ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ወታደሮች የተሰጠው የተስቦ ክትባት የተሠራው በዚህ ዘዴ ነው። ሪኬትስን የገደለው በሽታ ክትባት ያገኘው ለመዥገር በተመደበ ገንዘብ መሆኑ ነው።

በ1940ዎቹ መጨረሻ ክሎራምፌኒኮልና የቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒቶች መጡ። ስፖትድ ፊቨር በጊዜ ከታወቀ የሚድን በሽታ ሆነ፤ ፍርሃቱ ሲቀንስ የመዥገር ጥናት ክብርም ቀነሰ። በ1951 ከስዊዘርላንድ ወደ ሃሚልተን የመጡት ወጣቱ ዶክተር ዊሊ በርግዶርፈር ያጋጠማቸው ይህ ዘመን ነው። በባዝል ከተማ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በአፍሪካ መዥገር ስለሚተላለፈው ግርሻ ነበር። አንዲትን መዥገር በማይክሮስኮፕ ሥር ከፍቶ የየብልቷን ይዘት ማንበብ የሚችሉ ባለሙያዎች በዓለም ላይ ጥቂት ነበሩ፤ እርሳቸው ከእነዚያ አንዱ ሆኑ።

ኢትዮጵያ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው በተስቦ በኩል ነው። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ፣ መኖሪያውም ሰው ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን በአዲስ አበባ በነበረው የፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪ ሬይስ ጉትፍሮይንድ የተስቦን ሪኬትሲያ ከቤት እንስሳት ደምና ከመዥገሮቻቸው ማግኘታቸውን አስታወቁ። ነገሩ እውነት ከሆነ ትርጉሙ ከባድ ነበር። ቅማልን በዲዲቲ ማጥፋት ብቻውን ተስቦን አያጠፋም፤ በሽታው በበረት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል ማለት ነው። ለደገኛው ገበሬ፣ በብርድ ወራት ከከብቱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ለሚያድረው፣ ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ጥያቄውን ለማጣራት መዥገሮች ከኢትዮጵያ ከብቶች ተለቀሙ። በሥራው የተባበሩት የሃሚልተን ቤተ ሙከራና በካይሮ የነበረው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሕክምና ምርምር ክፍል ነበሩ፤ የኋለኛውን የመዥገር ጥናት ይመሩ የነበሩት ሃሪ ሁግስትራል ናቸው። የመጀመሪያው ዘገባ በ1966 በዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። በርግዶርፈር በ1970 መዥገሯን ሳይገድሉ የእግሯን ጫፍ ቆርጦ በሚወጣው ጠብታ ውስጥ ሪኬትሲያን የመፈለጊያ ዘዴ አስተዋወቁ። በ1973 ደግሞ በኢትዮጵያ መዥገሮች ላይ ያደረጉትን ሰፊ ፍተሻ ውጤት በዚያው መጽሔት አሳተሙ። የተስቦ ሪኬትሲያ አልተገኘም። የተገኘው የስፖትድ ፊቨር ወገን የሆነ ሌላ ሪኬትሲያ ነበር፤ በጊዜውም በሜዲትራኒያን አካባቢ የታወቀው ዝርያ ነው ተብሎ ተገመተ።

ሒሳብ መርማሪ ቢጠየቅ ይህን ጥናት ከከሸፉት መካከል ይመድበው ነበር። የተፈለገው አልተገኘም፤ የተገኘውንም የጠየቀ አልነበረም። ናሙናው ግን አልተጣለም። የአዲስ አበባው ጥርጣሬም ከንቱ አልነበረም፤ በ1975 በአሜሪካ የተስቦ ሪኬትሲያ በበራሪ ሽኮኮዎች ገላ ውስጥ ተገኝቶ በሽታው ከሰው ውጭ መኖሪያ እንዳለው ታወቀ።

በዚያው በ1975 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት በላይም ከተማና አካባቢዋ ልጆቻቸው በመገጣጠሚያ እብጠት የተያዙባቸው እናቶች ለጤና ባለሥልጣናት አመለከቱ። የዬል ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አለን ስቲር ጉዳዩን መረመሩ፤ በ1977ም አዲስ የመገጣጠሚያ በሽታ ብለው ገለጹት። መዥገር ተጠረጠረች፤ ተሕዋሱ ግን ሊገኝ አልቻለም። በ1981 የኒው ዮርክ የጤና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ ጆርጅ ቤናች ከሼልተር ደሴት የተለቀሙ መዥገሮችን ወደ ሃሚልተን ላኩ። የተፈለገው ሪኬትሲያ ነበር። በርግዶርፈር እንደ ልማዳቸው የመዥገሮቹን እግር ቆርጠው ሲያዩ በሁለቱ ውስጥ ጥቃቅን ክር መሰል ትሎች አገኙ። የትሎቹን ሌላ የዕድገት ደረጃ ፍለጋ ሆዳቸውን ሲከፍቱ ግን በአንጀታቸው ግድግዳ ላይ የተጠማዘዙ ረጃጅም ባክቴሪያዎችን ተመለከቱ። ስፓይሮኬት ነበሩ። በባዝል በተማሪነታቸው ዘመን ስለ ግርሻ ሲያጠኑ ያዩዋቸው ዓይነት ፍጥረቶች በመሆናቸው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባቸውም። የሕመምተኞች ደምም ከተሕዋሱ ጋር ተስማማ፤ ዶክተር አለን ባርበር በቤተ ሙከራ አበቀሉት። ግኝቱ በሰኔ ወር 1982 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ወጣ፤ ተሕዋሱም በ1984 ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ተባለ።

የላይምን መንስኤ ላግኝ ብሎ ለዚያ ምርመራ ገንዘብ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ገንዘቡ የወጣው አንድ ሰው ለሠላሳ ዓመታት መዥገር እየከፈተ እንዲቀመጥ ነው። ከዚህ ወዲህ የመጣው የበጀት ሥርዓት ግን ለእንዲህ ያለ ሰው ቦታው ጠባብ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ድጋፍ በየጊዜው ውጤቱን ቁጠር ይላል።

በቅርብ ዓመታት የአሜሪካ ምክር ቤት ይህን በከፊል ለማረም ሞክሯል። በ2016 በመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ሥር በሚገኘው የሕክምና ምርምር ፕሮግራም በኩል ለመዥገር ወለድ በሽታዎች 5 ሚሊዮን ዶላር ተመደበ፤ ከፊሉ በጅምር ላይ ላሉ፣ ሊከሽፉም ለሚችሉ አዳዲስ ሐሳቦች የታሰበ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግ ተመራማሪዎችንና ሕመምተኞችን በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠ አማካሪ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ እስከ 2022 ሦስት ዘገባዎችን አቅርቧል። በ2019 ደግሞ የቀድሞዋ የኖርዝ ካሮላይና ሴናተር ኬይ ሄገን ከመዥገር በተላለፈ የፖዋሳን ቫይረስ ሳቢያ ሞቱ፤ በሁለተኛው ወር በስማቸው የተሰየመው ሕግ ጸደቀ። ሕጉ በአምስት ዓመት እስከ 150 ሚሊዮን ዶላር እንዲወጣ ፈቀደ። መፍቀድ ግን መመደብ አይደለም፤ ገንዘቡ በየዓመቱ እንደገና መለመን ነበረበት። ከሞንታናው ሴናተር እስከ ኖርዝ ካሮላይናዋ ሴናተር ያለው ዘመን ወደ አንድ መቶ ዓመት ይጠጋል፤ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰው ነገር ግን ብዙ የተለወጠ አይመስልም።

በ1992 በዚምባብዌ ከአንዲት ሕመምተኛ ደም አንድ የስፖትድ ፊቨር ወገን ሪኬትሲያ ተለየ። ከሜዲትራኒያኑ ዝርያ የተለየ መሆኑ ተረጋግጦ በ1996 ሪኬትሲያ አፍሪኬ ተባለ። ቀደም ሲል ከኢትዮጵያ ከብቶች መዥገር ተወስዶ በስህተት ስም በማቀዝቀዣ ተቀምጦ የነበረው ተሕዋስም ይኸው ሆኖ ተገኘ። በ2009 የሪኬትሲያ አፍሪኬ ሙሉ የዘር ቅንብር ሲነበብ የተመረጠው ናሙና ኢኤስኤፍ-5 የሚባለው የኢትዮጵያ ዝርያ ነበር፤ መዥገሯ ከከብት ገላ ከተለቀመች አርባ ዓመት አልፏታል። በ2008 የታተመና ከዚያም ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ተሕዋሱ በኢትዮጵያ መዥገሮች ውስጥ መኖሩን ደግመው አሳይተዋል። ይሁንና በሽታው በሕክምና ጽሑፎች በብዛት የተገለጸው በእግሩ ላይ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ይዞ ከአደን ወይም ከጉብኝት ወደ አገሩ በተመለሰ አውሮፓዊ መንገደኛ ላይ ነው። መዥገሩን በየማለዳው በእጁ የሚለቅመው የከብት አርቢ ሲተኩሰው የሚመረመረው ለወባ፣ ለታይፎይድና ለተስቦ ነው።